ስክሪን ላይ ያማረው ፒዲኤፍ ወረቀት ላይ ለምን ይበላሻል? ሰነድ ከድር ላይ ስለማየት፣ ስለማውረድና ስለማተም

ጥያቄው፦ «ከድረ ገጾች የምከፍታቸው ፒዲኤፍ ሰነዶች ብራውዘር ላይ ጥሩ ሆነው ይታያሉ። ዳውንሎድ ሳደርጋቸው ግን አንዳንዶቹ ፋይሉ ተበላሽቷል እያሉ አይከፈቱም። ፕሪንት ሳደርግ ደግሞ የገጹ ጠርዝ ይቆረጣል፣ አንዳንድ ፊደላት ባዶ ሳጥን ይሆናሉ፣ የሞላሁት ቅጽም ባዶውን ይወጣል። ችግሩ የፕሪንተሬ ነው ወይስ የኮምፒውተሬ?»

ምላሽ፦

በአብዛኛው የሁለቱም አይደለም። የዘረዘሯቸው አራት ችግሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሁሉንም የሚያባብሰው ግን አንድ ልማድ ነው፤ ብራውዘር ላይ የተከፈተውን ሰነድ እዚያው እንዳለ ማተም። መጀመሪያ ፋይሉን በትክክል ያውርዱ፣ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያ በፒዲኤፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ከፍተው ያትሙ። ይህ ቅደም ተከተል ብቻውን ብዙውን ችግር ያስወግዳል፤ የሚቀረውም ከየት እንደመጣ ለመለየት ቀላል ይሆናል።

ፒዲኤፍ አዶቤ በ1993 ያወጣው፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ አይኤስኦ 32000 በሚል መለያ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የሆነ የፋይል ዓይነት ነው። የተሠራው ገጹ በየትኛውም ማሽን ላይ መልኩን ሳይለውጥ እንዲታይ ነው። ይሁን እንጂ ፋይሉን አንብቦ ገጹን ስክሪን ላይ የሚስለው ፕሮግራም አንድ ዓይነት አይደለም። ክሮም የራሱ ማሳያ አለው፣ ፋየርፎክስ የራሱ፣ ሳፋሪም እንዲሁ። እነዚህ ማሳያዎች ለንባብ በቂ ናቸው። ውስብስብ ቅጽ፣ ዲጂታል ፊርማ ወይም ያልተለመደ ፎንት ሲገጥማቸው ግን አንዱ የሚያሳየውን ሌላው ይዘለዋል። ሲያትሙም አንዳንዶቹ ገጹን ወደ ምስል ቀይረው ወደ ፕሪንተሩ ስለሚልኩ ጥቃቅን ፊደላት ይደበዝዛሉ። እንደ አዶቤ አክሮባት ሪደር ያለ ራሱን የቻለ ማንበቢያ በነፃ ይገኛል፤ በማተም በኩል የሚሰጠው ምርጫም ሰፊ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሜኑ ስሞች የእሱ ናቸው፤ ሌሎቹም ተቀራራቢ ስሞችን ይጠቀማሉ።

ማውረዱ ላይ የሚበላሸው

«ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚለው መልእክት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። ወይ ፋይሉ ሳያልቅ ተቋርጧል፣ ወይ ያወረዱት ነገር ከነጭራሹ ፒዲኤፍ አይደለም። ሁለተኛው ሰው ከሚገምተው በላይ ስለሚያጋጥም በእሱ ልጀምር።

ብዙ ድረ ገጾች ሰነዱን በገጻቸው ውስጥ በተከለለ ሳጥን ያሳያሉ። እዚያ ላይ ኮንትሮልና ኤስ ሲጫኑ የሚቀመጠው ሰነዱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ድረ ገጽ ሊሆን ይችላል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ገጾችም ሌላ ወጥመድ አላቸው። ሊንኩ የሚሠራው ገብተው ባሉበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሊንኩን ለዳውንሎድ ማኔጀር ሲሰጡት ሰርቨሩ በሰነዱ ፈንታ የመግቢያ ገጹን ይልካል። የፋይሉ ስም በፒዲኤፍ ያልቃል፤ ውስጡ ግን ድረ ገጽ ነው። ማንበቢያው የሚያውቀውን ነገር ስላላገኘ ተበላሽቷል ይላል።

ይህን ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ መጠኑን ይዩ፤ 40 ገጽ ሊኖረው የሚገባ ሰነድ 6 ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ሰነዱ አልወረደም። ቀጥሎ ፋይሉን በኖትፓድ ይክፈቱት። እውነተኛ ፒዲኤፍ የሚጀምረው በፐርሰንት ምልክት ነው፤ ወዲያው ፒዲኤፍ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ሰረዝና የስሪት ቁጥር ይከተላሉ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ 1.4 ወይም 1.7 ሊሆን ይችላል። ከዚያ በታች ያለው አብዛኛው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው፤ እሱ አያስጨንቅዎ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለት የፐርሰንት ምልክቶችና ኢ፣ ኦ፣ ኤፍ የሚባሉት ፊደላት ይገኛሉ። መጀመሪያው ላይ ኤችቲኤምኤል የሚል ቃል በማዕዘን ቅንፍ ተከቦ ካዩ ያወረዱት ድረ ገጽ ነው። አጀማመሩ ትክክል ሆኖ መዝጊያው ከሌለ ደግሞ ፋይሉ ተቋርጧል። ኖትፓዱን ሲዘጉ «ሴቭ» እንዳይሉት ይጠንቀቁ፤ ጤነኛውንም ፋይል ያበላሸዋል።

መዝጊያው ይህን ያህል የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ገጽ፣ ፎንትና ምስል ፋይሉ ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚናገረው ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ኔትወርኩ 95 በመቶ ላይ ቢቋረጥ የሚጠፋው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ አይደለም፤ ማውጫውም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከወረደውም አንድ ገጽ እንኳ ላይከፈት ይችላል። አንዳንድ ማንበቢያዎች ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ፈትሸው ማውጫውን እንደገና ለመገንባት ይሞክራሉ። ተሳክቶላቸው ቢከፈትም የጎደለ ገጽ ሊኖር ስለሚችል እንደገና ማውረዱ ይሻላል። ብራውዘሩ ላይ በደንብ መታየቱም ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ለድር ተብለው የተዘጋጁ ፒዲኤፎች የመጀመሪያው ገጽ ቀድሞ እንዲታይ ሆነው ይደራጃሉ፤ እርስዎ 1ኛውን ገጽ ሲያነቡ የቀረው ገና በመውረድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሊንኩን ከፍቶ ከማስቀመጥ ይልቅ ማውሱን ሊንኩ ላይ አድርገው በቀኝ ክሊክ «ሴቭ ሊንክ አዝ» ይበሉ። በሚመጣው መስኮት ላይ የፋይሉ ዓይነት ፒዲኤፍ እንጂ ኤችቲኤምኤል አለመሆኑን ይዩ፤ ኤችቲኤምኤል ካለ ሊንኩ የሚወስደው ወደ ሌላ ገጽ ነው ማለት ነው፤ ትክክለኛው የማውረጃ ሊንክ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ሰነዱ በሳጥን ውስጥ ከተከፈተ ደግሞ የሳጥኑን የራሱን የማውረጃ ቀስት ይጫኑ። ሰነዱን ክሊክ ሲያደርጉ ምንም ካልመጣ በአድራሻው መስመር ጫፍ ላይ ፖፕአፕ መታገዱን የሚያሳይ ምልክት መኖሩን ይመልከቱና ለዚያ ገጽ ብቻ ይፍቀዱለት።

ፒዲኤፍ ሁልጊዜ በቀጥታ እንዲወርድልዎ ከፈለጉ ክሮም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪውሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «አዲሽናል ኮንቴንት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፒዲኤፍ ዶኩመንትስ» ውስጥ ገብተው «ዳውንሎድ ፒዲኤፍስ» የሚለውን ይምረጡ። ፋየርፎክስ ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ጄኔራል» ላይ ወደ «አፕሊኬሽንስ» ወርደው ከፒዲኤፍ ትይዩ «ሴቭ ፋይል» ያድርጉት። በየቀኑ ሰነድ ለሚያወርድ ሰው ይህን አንዴ ማስተካከል ይጠቅማል።

ወርዶ ያላለቀ ፋይል በስሙም ይታወቃል። ክሮም እስኪጨርስ ድረስ ሲአርዳውንሎድ የሚል ቅጥያ፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ፓርት የሚል ይሰጠዋል። ቅጥያውን በእጅ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ፋይሉን አይሞላውም። የዳውንሎድ ዝርዝሩን ከፍተው «ሪዚዩም» የሚለውን ይሞክሩ፤ ሰርቨሩ ከተቋረጠበት መቀጠልን ካልደገፈ ከመጀመሪያው ማውረድ ግድ ነው።

በስልክ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። ሊንኩን ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ሲጫኑ የሚከፈተው የመተግበሪያው የራሱ ትንሽ ብራውዘር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማውረድ ላይ ይሰናከላል። ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ገብተው «ኦፕን ኢን ክሮም» ወይም «ኦፕን ኢን ሳፋሪ» ይበሉና ከዚያ ያውርዱት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው አለ። ሰነዱን ለማየት የተለየ «ቪውወር» ጫን የሚልዎትን ገጽ አይመኑት፤ ብራውዘርዎ ፒዲኤፍ ያለምንም ተጨማሪ ነገር ይከፍታል። ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ ስሙ በፒዲኤፍ ያለቀ የሚመስል ፋይል ከጀርባው ኢኤክስኢ የሚል ሁለተኛ ቅጥያ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ሜኑ ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ያብሩት፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ስሙን ያያሉ።

ከማተምዎ በፊት የሚታይ አንድ መስኮት

ፋይሉን በሪደር ከከፈቱ በኋላ ኮንትሮልና ዲ ይጫኑ፤ ማክ ላይ ኮማንድና ዲ ነው። «ዶኩመንት ፕሮፐርቲስ» የሚል መስኮት ይመጣል። ብዙ ሰው ከፍቶት አያውቅም፤ ከጥያቄዎችዎ የሁለቱ መልስ ግን እዚያ ውስጥ ነው። «ዲስክሪፕሽን» የሚለው ክፍል ግርጌ ላይ የገጹ መጠን ተጽፏል። «ሴኪውሪቲ» የሚለው ማተም መፈቀድ አለመፈቀዱን ይነግርዎታል። «ፎንትስ» የሚለው ደግሞ ፊደላቱ ከፋይሉ ጋር መጓዝ አለመጓዛቸውን ያሳያል።

በጠርዙ መቆረጥ እንጀምር። የገጹ መጠን 8.27 በ11.69 ኢንች ካለ ሰነዱ ኤ4 ነው፤ ማለትም 210 በ297 ሚሊሜትር። 8.50 በ11.00 ካለ ግን የሰሜን አሜሪካው ሌተር ነው፤ 215.9 በ279.4 ሚሊሜትር። ሌተር ከኤ4 በወርድ ወደ 6 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ በቁመት ደግሞ ወደ 18 ሚሊሜትር ያጥራል። በዚህ ላይ አብዛኛው የቢሮና የቤት ፕሪንተር የወረቀቱን ዳር ዳር ማተም አይችልም፤ በየጎኑ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ባዶ ይተዋል። የሌተር ገጽ ሳይቀነስ ኤ4 ላይ መሐል ለመሐል ቢያርፍ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ከወረቀቱ ውጭ ይቀራል፣ ሌላ 4 ሚሊሜትር ገደማ ደግሞ ፕሪንተሩ በማይደርስበት ዳር ይወድቃል። በድምሩ ከሰነዱ እያንዳንዱ ጎን 7 ሚሊሜትር ያህል አይታተምም ማለት ነው። ኅዳጉ ሰፊ በሆነ ደብዳቤ ላይ ይህ አይታወቅም። መስመሩ እስከ ዳር በሚሄድ ቅጽ ወይም ሠንጠረዥ ላይ ግን የመጀመሪያው ዓምድ ፊደል ይጎመዳል።

መፍትሔው በማተሚያው መስኮት ላይ ባለው የመጠን ምርጫ ነው። «ፊት» ገጹን ፕሪንተሩ በሚደርስበት ቦታ ልክ ያሳንሰዋል ወይም ያሳድገዋል። «ሽሪንክ ኦቨርሳይዝድ ፔጅስ» የሚያሳንሰው ትርፍ የሆነውን ገጽ ብቻ ነው፤ ትንሹን አያሳድግም። «አክቹዋል ሳይዝ» ምንም አይነካም። ለንባብ ለሚሆን ሰነድ ሁሉ «ሽሪንክ» ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚነካው ችግር ያለበትን ገጽ ብቻ ስለሆነ። ከክሮም ማተም ግድ ከሆነ ደግሞ «ሞር ሴቲንግስ» ውስጥ «ስኬል» ላይ «ፊት ቱ ፕሪንተብል ኤሪያ» የሚለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ይሁን እንጂ መጠን መቀነስ የማይፈቀድባቸው ሰነዶች አሉ። የልብስ ስፌት ንድፍ፣ የሥራ ንድፍ፣ በሚዛን የተሠራ ካርታ፣ ተለጣፊ የአድራሻ ወረቀትና ባርኮድ ያለበት ቅጽ የሚታተሙት በ«አክቹዋል ሳይዝ» ብቻ ነው። ኤ4 ሰነድን ኤ4 ወረቀት ላይ «ፊት» ብለው ቢያትሙት እንኳ ፕሪንተሩ ለሚተወው ባዶ ዳር ሲባል ወደ 96 ወይም 97 በመቶ ይወርዳል። ሰነዱ ላይ 10 ሴንቲሜትር የሚል የመለኪያ መስመር ካለ አንድ ገጽ ብቻ አትመው በማስመሪያ ይለኩት። 9.6 ወይም 9.7 ከመጣ መጠኑ ተቀንሷል፤ ወደ «አክቹዋል ሳይዝ» ይመልሱት። ሌተር ንድፍ ኤ4 ላይ በ«ፊት» ሲታተም ልዩነቱ ይብሳል፤ ወደ 94 በመቶ ሊወርድ ይችላል፤ ልብስ ላይ ይህ የአንድ ሳይዝ ልዩነት ያመጣል።

ሌላው የመቆረጥ ምንጭ ፕሪንተሩ ራሱ የተሳሳተ ወረቀት እንደያዘ ማመኑ ነው። ወረቀቱ ሞልቶ ሳለ መብራት እያብለጨለጨ ወረቀት ጨምር ካለ፣ ምናልባት ኤ4 ይዞ ሌተር እየጠበቀ ነው። በዊንዶውስ «ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ» ውስጥ ፕሪንተሩን መርጠው «ፕሪንቲንግ ፕረፈረንስስ» ላይ የወረቀቱን መጠን ኤ4 ያድርጉት። በሪደር የማተሚያ መስኮት ላይ ደግሞ «ቹዝ ፔፐር ሶርስ ባይ ፒዲኤፍ ፔጅ ሳይዝ» የሚለው ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ያንሱት፤ እሱ ሲበራ ፕሪንተሩ የሚጠይቀው የሰነዱን መጠን ያለው ወረቀት እንጂ እርስዎ ያስገቡትን አይደለም።

ሳጥን የሚሆኑት ፊደላት

«ፎንትስ» የሚለውን ክፍል ሲከፍቱ በእያንዳንዱ ፎንት ስም አጠገብ «ኤምቤድድ» ወይም «ኤምቤድድ ሰብሴት» የሚል መኖር አለበት። ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ተጠቅልሎ መጥቷል ማለት ነው። ይህ ቃል ከሌለ ማንበቢያው በኮምፒውተርዎ ያለ ሌላ ፎንት ለመተካት ይገደዳል፤ ያ ፎንት የሰነዱን ፊደል ከሌለው ሳጥን ወይም ባዶ ቦታ ይወጣል። ለላቲን ጽሑፍ ተተኪ አይጠፋም። ለግእዝ ፊደል ግን ተተኪው ላይኖር ስለሚችል የፊደላችን ሰነዶች በዚህ በኩል ይበልጥ ይጎዳሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን የመሰለ ነፃ ፎንት መጫን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ለተጻፈ ሰነድ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ግን አዲስ ፎንት አይረዳውም፤ እነዚያ ፎንቶች የግእዙን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ስለሆነ ዋናው ፎንት ሲጠፋ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይታያል። ከእንዲህ ዓይነት ሰነድ ላይ ቃል ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ቢለጥፉት ያው ድብልቅልቅ ይመጣል፤ ችግሩን ለይቶ ለማወቅ ጥሩ ፈተና ነው።

የእርስዎ ግን ስክሪን ላይ ደህና ሆኖ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚበላሸው ብለዋል። ፎንቱ ተጠቅልሎ ከመጣና ሪደር ላይ በትክክል ከታየ ጥፋቱ የሰነዱ መሆኑ ያበቃል፤ የሚጠረጠረው በኮምፒውተሩና በፕሪንተሩ መካከል ያለው ድራይቨር ነው። ማንበቢያው ፎንቱን ለፕሪንተሩ ይልካል፣ ድራይቨሩ ወይም ፕሪንተሩ በአግባቡ አይተረጉመውም። ፈጣኑ መፍትሔ ገጹን እንደ ምስል መላክ ነው። በማተሚያው መስኮት «አድቫንስድ» የሚለውን ተጭነው «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ጥራቱን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ያድርጉት፤ ጥቃቅን ጽሑፍ ካለ 600። ይህ ሲሆን ፕሪንተሩ ፊደል መተርጎሙ ቀርቶ ሥዕል ብቻ ይስላል።

ዋጋው ፍጥነት ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ በቀለም ሳይታመቅ ወደ 26 ሜጋባይት ይጠጋል። አነስተኛ ሜሞሪ ያለው ፕሪንተር 100 ገጽ እንዲህ ሲላክለት መሐል ላይ ይቆማል። በ10 ወይም በ20 ገጽ እየከፈሉ ይላኩ። ዘላቂው መፍትሔ ግን የፕሪንተሩን ትክክለኛ ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርዶ መጫን ነው፤ አምራቹ ፒሲኤልና ፖስትስክሪፕት የሚባሉ ሁለት ዓይነት ካቀረበ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ብዙ ጊዜ በትክክል ያትመዋል።

ባዶ የሚወጣው ቅጽ

እዚህ ላይ ቅጹን በምን እንደሞሉት ማወቅ ያስፈልጋል። የሚሞሉ ሳጥኖች ያሉት እውነተኛ ቅጽ ከሆነ፣ ብራውዘር ላይ ሞልተው የማውረጃውን ቀስት ሲጫኑ ክሮም ለውጡን ጨምሮ ወይስ ዋናውን ብቻ ብሎ ይጠይቃል። «ዋናውን» ካሉ የሚወርደው ባዶው ነው። ስለዚህ ባዶውን መጀመሪያ አውርደው በሪደር ውስጥ ይሙሉት፣ ሴቭ ያድርጉት፣ ዘግተው እንደገና ይክፈቱትና የሞሉት መኖሩን አይተው ያትሙ። ረጅም ቅጽ ሲሆን ይህ የግድ ነው፤ ብራውዘሩ ገጹን ሪፍሬሽ ቢያደርገው የጻፉት ሁሉ ይጠፋል።

ሳጥን የሌለው ተራ ሰነድ ላይ በአስተያየት መጻፊያው ጽሑፍ ደርበው ከሆነ ደግሞ ያ ጽሑፍ የገጹ አካል አይደለም፤ በላዩ የተቀመጠ ማስታወሻ ነው። በማተሚያው መስኮት «ኮመንትስ ኤንድ ፎርምስ» በሚለው ሥር «ዶኩመንት» ብቻ ተመርጦ ከሆነ ማስታወሻው አይታተምም። «ዶኩመንት ኤንድ ማርክአፕስ» ያድርጉት።

ሦስተኛም አለ። ብራውዘር ውስጥ ሲከፈት በቅጹ ፈንታ «ፕሊዝ ዌይት» የሚል አንድ ገጽ ብቻ የሚያሳይ ፋይል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቢጠብቁም አይመጣም። ኤክስኤፍኤ በሚባል የቆየ የቅጽ ቴክኖሎጂ የተሠራ ነው፤ ብዙዎቹ የብራውዘር ማሳያዎችና የስልክ ማንበቢያዎች አይደግፉትም። አውርደው በኮምፒውተር ላይ በአክሮባት ሪደር ይክፈቱት።

አንዳንዶች የሞሉት እንዳይጠፋ ብለው «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» በሚለው እንደገና ወደ ፒዲኤፍ ያትሙታል። ጽሑፉ ከገጹ ጋር ስለሚዋሐድ ለመላክ ይመቻል። ግን ዲጂታል ፊርማው፣ ሊንኮቹና የሚሞሉት ሳጥኖች አብረው ይጠፋሉ፤ ዋናውን ፋይል በፍጹም አይሰርዙት። በዲጂታል ፊርማ የጸና ሰነድም የሚጸናው በፋይልነቱ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የፊርማው ምስል ብቻ ስለሆነ፣ ተቀባዩ ማረጋገጥ ከፈለገ ፋይሉን ይላኩለት።

የቀሩ ነገሮች፣ በአጭሩ

«ሴኪውሪቲ» ላይ «ፕሪንቲንግ፦ ኖት አላውድ» ካለ ሰነዱን ያዘጋጀው አካል ማተምን ከልክሏል፤ ወይም በዝቅተኛ ጥራት ብቻ ፈቅዶ ሊሆን ይችላል። ፕሪንተር መቀያየር ዋጋ የለውም፤ የሚታተም ቅጂ ካዘጋጀው አካል ይጠይቁ።

የገጽ ቁጥር ላይ ይጠንቀቁ። መጽሐፉ ላይ 15 የሚለው ገጽ ከሽፋኑና ከማውጫው ጋር ሲቆጠር ፋይሉ ውስጥ 23ኛ ሊሆን ይችላል። የሚፈልጉት ገጽ ላይ ቆመው «ከረንት ፔጅ» ብለው አንዷን ያትሙና ያረጋግጡ፤ ከዚያ ክልሉን ይስጡ።

በሁለት ገጽታ ለማተም ቀጥ ያለ ገጽ «ሎንግ ኤጅ»፣ የተጋደመ ገጽ «ሾርት ኤጅ» ላይ ይገለበጣል። ፕሪንተርዎ ራሱ የማይገለብጥ ከሆነ መጀመሪያ ጎዶሎ ገጾችን፣ ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ሙሉ ቁጥሮቹን ያትሙ። 15 ገጽ ያለው ሰነድ 8 ወረቀት ይወስዳል፤ ጀርባ ያላቸው 7ቱ ብቻ ስለሆኑ 15ኛው ገጽ ያለበትን ወረቀት ከመመለስዎ በፊት ያውጡት። ሳያወጡት ቢመልሱት በአንዳንድ ፕሪንተር ላይ ጀርባዎቹ ሁሉ በአንድ ይዛነፋሉ። የወረቀቱ አገባብ በየፕሪንተሩ ስለሚለያይ በ4 ገጽ ይሞክሩት።

ፒዲኤፍ የሌለው ድረ ገጽ ከሆነ መጀመሪያ እስከ ግርጌው ድረስ ይውረዱ፤ ብዙ ምስሎች የሚጫኑት ሲደርሱባቸው ብቻ ነው። ከዚያ ኮንትሮልና ፒ ብለው «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» ያድርጉት። ቀለም ያላቸው ሠንጠረዦች ነጭ ከሆኑ «ባክግራውንድ ግራፊክስ» የሚለውን ያብሩ። የወረደ የወርድ ሰነድ ላይ ማተሚያው አልሠራ ካለ ደግሞ ከላይ ቢጫ መስመር አለ፤ ፋይሉ በጥበቃ ሁኔታ ነው የተከፈተው፤ ምንጩን ካመኑት ብቻ «ኢኔብል ኤዲቲንግ» ይበሉ።

ምንም ካልወጣና ወረፋው ላይ የቆመ ሥራ አልሰረዝ ካለ፣ ፕሪንተሩን አጥፍተው በዊንዶውስ «ሰርቪስስ» ውስጥ «ፕሪንት ስፑለር»ን «ሪስታርት» ያድርጉና ፕሪንተሩን መልሰው ያብሩ። ከዚያ ያንኑ ፋይል ሳይሆን ሌላ ባለ አንድ ገጽ ሰነድ ይላኩ። እሱ ከወጣ ተጠያቂው ፋይሉ ነው፤ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» ይሞክሩበት።

ይህን ሁሉ አድርገው ያልታተመልዎ ሰነድ ካለ አራት ነገር ይጻፉልኝ፦ «ዲስክሪፕሽን» ላይ ያለውን የገጽ መጠን፣ «ፎንትስ» ላይ «ኤምቤድድ» የማይል ስም ካለ እሱን፣ የፋይሉን መጠን በኪሎባይት፣ እና «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» ሲያደርጉት የወጣውን ውጤት።